የተውሶ ፀጉር ይዞ ለሚሄድ መንገደኛ

ልጆቼ፣ እስቲ አረፍ በሉ። መንገድ ልትነሡ ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ሻንጣችሁ አይደለም፤ ስለ ራስ ፀጉራችሁ ነው። የእኔ ጣት ያረጀው ሹሩባ ሲሠራ ነው። ከአልባሶ ጀምሮ እስከ ዛሬው ሂውማን ሄር ድረስ ብዙ ፀጉር በእጄ አልፏል። ቅጥያ ፀጉር የምጠላ አይምሰላችሁ፤ እናቶቻችንም በፀጉር ማጌጥ ያውቁበት ነበር። የምፈራው ሌላ ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው በራሳችሁ ላይ እንዳይደርስ ነው።

ገዝታችሁ የምትቀጥሉት ፀጉር የሰው ከሆነ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ፀጉር የሚመጣው ከህንድ ነው። በደቡብ ህንድ፣ በቲሩማላ ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ምእመናን ስለታቸውን ለማድረስ ፀጉራቸውን ተላጭተው ይሰጣሉ፤ ቤተ መቅደሱም ሰብስቦ በጨረታ ይሸጠዋል። ስለት ምን እንደሆነ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም፤ ቁልቢ ድረስ በእግሩ የሄደ ያውቀዋል። እንግዲህ ራሳችሁ ላይ የተሰፋው የአንዲት እናት ስለት ሊሆን ይችላልና በክብር ያዙት።

ነገር ግን ያ ፀጉር ከሥሩ ተለይቷል። የራሳችሁ ፀጉር ከራስ ቅላችሁ ቆዳ ወዝ ያገኛል፤ የተገዛው ግን እንደተቀጠፈ አበባ ነው፤ ካላጠጣችሁት የሚያጠጣው የለም። ፀሐይ፣ ጨውና የመዋኛ ክሎሪን ቶሎ የሚያደርቁት ለዚህ ነው።

የወቅቱንም ነገር አስቡበት። በዋሽንግተንና በሮም ፀሐይ አናት የምትበሳው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እኛ ጋ ያኔ ክረምት ነው። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ ከፀሐይ ወደ ዝናብ ይገባል፤ ከዚህ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጂዳ የሚሄድ ደግሞ ከጭጋግ ወጥቶ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ወደሚችል ሙቀት ይገባል። ሙቀቱ ፀጉርን ያደርቃል፣ ዝናቡ እንዳይደርቅ ያደርጋል። የሚብሰው ይህ ሁለተኛው ነው።

የእህቴ ልጅ አንድ ክረምት ከአሜሪካ መጣች። ፀጉሯ በክርና በመርፌ ተሰፍቷል፤ ሁለት ወር አልፎታል። ከጓደኞቿ ጋር ላንጋኖ ወረደች፣ ዋኘች፣ እርጥቡን ፀጉር ጠቅልላ በሻሽ አሰረችና መኪና ውስጥ ገባች። አዲስ አበባ ስትደርስ ዝናብ ተቀበላት። በአራተኛው ቀን «አክስቴ፣ ራሴን እየበላኝ ነው» ብላ መጣች። በርጩማ ላይ አስቀምጬ ክሩን አንድ በአንድ ፈታሁት። ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው፤ ታጥቦ ሳይሰጣ የከረመ ጨርቅ ሽታ። ከሥር ያለው ሹሩባ ገና እርጥብ ነበር። ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ከክሩ ጋር ተያይዞ ሲወጣ፣ በየጫፉ ላይ ከጤፍ ያነሰች ነጭ ነጥብ አየሁ። ያቺ ነጥብ የፀጉሩ ሥር ናት። የተበጠሰ ፀጉር ነጥብ የለውም፤ ከነሥሩ የወጣ ነው ያለው። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት። አልተቆጣሁም፤ አይታው ዝም አለች።

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይባላል። ላዩ አምሮ ሥሩ የተረሳ ፀጉር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ፀጉራችሁን በንጹሕ ውሃ አርጥቡት፤ አስቀድሞ የጠጣ ፀጉር ክሎሪኑንና ጨዉን እንደ ደረቁ አይመጥም። በአንድ ላላ ባለ ጉንጉን ያዙት። ስትወጡ ወዲያው ታጠቡት፤ ከዚያ ሥሩን አድርቁ። ጫፉ ደረቀ ብላችሁ አትታለሉ፤ ጣታችሁን ከስፌቱ ሥር አስገብታችሁ ዳብሱ። ካስክ ሥር መቀመጥ ካለባችሁ ለብ ባለ ሙቀት ታግሣችሁ ተቀመጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ለጉዞ ብላችሁም በዋዜማው አታሰፉ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም በሉ። የጠበቀ ሹሩባ ሕመሙን የሚናገረው ሌሊት ነውና፣ ያመማችሁን ለማስፈታት ጊዜ ይኑራችሁ። «ካልጠበቀ አያምርም» የሚሉ አሉ። እኔም በወጣትነቴ እንዲያ ብዬ አጥብቄያለሁ፤ ዛሬ ይጸጽተኛል። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ስስ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሲጎተት ይሳሳል፣ ጉተታው ካልቆመ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ተመልሶ አይበቅልም። በጠርዙ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ከወጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ስፌትም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። የትንንሽ ልጆችንማ ጨርሶ ተዉአቸው፤ «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለእነሱም ይሆናል።

አውሮፕላን ውስጥ አየሩ በጣም ደረቅ ነው። ላላ አድርጋችሁ ጎንጉኑት፣ የሳቲን ሻሽ እሰሩበት፤ ቅባታችሁ በእጅ ሻንጣ የሚገባ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ያዙት። በሙጫ የተጣበቀ ፀጉር ያላችሁ ቅባቱን ሥሩ ላይ አታድርጉ፤ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ የሚያዝነው ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት ለሥራ ለምትሄዱት ነው። የኔ ልጆች፣ አምራችሁ ለመሄድ መፈለጋችሁን አውቃለሁ። ሆኖም እዚያ ስትደርሱ የዕረፍት ቀናችሁ በእጃችሁ ላይኖር ይችላል፤ ፀጉር ቤት ልሂድ ስትሉ የሚፈቅድላችሁ ላይገኝ ይችላል። በሁለት ወር መፈታት የነበረበት ስፌት ስድስት ወር ተቀምጦ፣ የወጥ ቤት ላብ ሲጠጣ ከርሞ፣ ሲፈታ ግማሹን የራስ ፀጉር ይዞ የወጣባቸውን አይቻለሁ። ስለዚህ በገዛ እጃችሁ፣ በመስታወት ፊት፣ ያለ ማንም እርዳታ የምትፈቱትን ሥሩ። የቀጠላችሁት አርቲፊሻል ፀጉር ከሆነ ደግሞ ከምድጃ አርቁት፤ ፕላስቲክ ነውና የምድጃ በር ስትከፍቱ በሚወጣው ሙቀት ይኮማተራል፣ ይቀልጣልም። ቀላል ሹሩባ በቂያችሁ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ላሳፍራችሁ አይደለም፤ በባዕድ አገር ራሳችሁን ራሳችሁ ማበጠር እንድትችሉ ብዬ ነው።

ስለ ቅቤም ትጠይቁኛላችሁ። ለጋ ቅቤ ለራስ ፀጉር በረከት ነው። ከስፌት ሥር ግን ውሃ በደንብ ገብቶ አያጥበውም፤ በሙቀት ይሸታል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ቅቤ ያማራችሁ ፈትታችሁ ተቀቡ። እንዲያውም ከአንዱ ስፌት ወደ ሌላው ከመዝለላችሁ በፊት ፀጉራችሁ ጥቂት ሳምንት እንዲያርፍ ፍቀዱለት። በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የተነቀለውን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

በዚህ ክረምት ወደ አገር ቤት የምትመጡ ልጆቼ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የግንባራችሁን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። ካመማችሁ ፈትታችሁ ኑ። እዚህ ሹሩባ የሚሠራ እጅ አታጡም፤ የእኔም በርጩማ በቦታው አለ።