ባልቻን ያነሡ እጆች የት ገቡ?

የጉብሬ ሰው ሆይ፣ ዛሬ የምናገረው አያስደስትህም። የሚያስደስትህን የሚነግርህ ሞልቷል፤ የጀግና ዘር መሆንህን፣ የደጃዝማች ባልቻ አገር ሰው መሆንህን በየሠርጉና በየመስቀሉ ስትሰማ ትውላለህ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቤትህ ሦስት አጥር አልፎ የሚኖረው፣ ጓደኛውን ለማውጣት ሲል እግሩን ግንባር ላይ ጥሎ የተመለሰው ሰው ባለፈው መስቀል ምን በላ?

አታውቅም። እኔም አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ ተግሣጹ ከራሴ ይጀምራል።

ባልቻ አባ ነፍሶን ሁላችንም እናውቀዋለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በመድፈኝነቱ ስሙን ያስጠራ፣ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ሸምግሎ ሳለ ለፋሺስት እጄን አልሰጥም ብሎ የሞተ ጀግና ነው። የታሪኩን መጨረሻ እንፎክርበታለን፤ መጀመሪያውን ግን እንዘለዋለን። እንደሚነገረው ይህ የአገምጃይ ልጅ የተገኘው በጦር ሜዳ ክፉኛ ቆስሎ ወድቆ ነው። ያነሣው ይህን ምድር ሊያስገብር የመጣው የምኒልክ ሠራዊት ነበር። ቁስሉ ታከመለት፣ በምኒልክ ቤት አደገ፣ ሰው ሆነ። እነዚያ እጆች ባያነሡት ኖሮ ዛሬ የምትፎክርበት ባልቻ አይኖርም ነበር። ሊወጋን የመጣው የእኛን ልጅ ከወደቀበት ሲያነሣ፣ እኛ ለእኛ ሲል የወደቀውን ረግጠን እናልፋለን። ከዚህ የከፋ ምን ነውር አለ?

ጓደኛን ማዳን ምን እንደሆነ ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። አንድ ቡድን ተከቦ ወደ ኋላ መውጣት ሲኖርበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሣ ሁሉም ይመታል። ስለዚህ አንድ ሰው ይቀራል። መትረየሱን ይዞ ይተኛል፤ የጠላትን ዓይንና ጥይት ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚያች ደቂቃ ሌሎቹ ቁስለኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ይወጣሉ። የሚቀረው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። እናት አለችው፤ ያጫት ልጅ አለች፤ ጀምሮት የመጣው ቤት አለ። እያወቀ ‹‹ሂዱ›› ይላል። ይህቺ አንዲት ቃል የእኛን የዓመት ፉከራ ብትመዝነው ገለባ ታደርገዋለች።

ተረት እንዳይመስልህ። በ1943 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃና እሱን እየተኩ የዘመቱት ሻለቆች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን ቀብረዋል፤ ከ530 በላይ ቆስለውባቸዋል። የተማረከባቸው ግን አንድም የለም፤ ኮረብታ ላይ ጥለውት የመጡት ሬሳም የለም። በ1945 ዓ.ም. ፖርክ ቾፕ ሂል በተባለው ኮረብታ የተደረገውን ውጊያ መጽሐፍ አድርጎ የጻፈው አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ይህንኑ መስክሮላቸዋል። አንድም አልቀረም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ከወጣህበት እሳት ውስጥ፣ በጨለማ፣ ለሞተ ሰው ስትል ተመልሰህ መግባት ማለት ነው። እነርሱ የሞተውን አልተዉም፤ እኛ በሕይወት ያለውን ተውን።

ኮሪያውያን አልረሱም። በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት አቁመው በ1960 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት መርቀውላቸዋል፤ እስከ ዛሬም ዘማቾቹን ይጦራሉ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። በገዛ አገራቸውስ? ደርግ ሲመጣ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግታችኋል ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ400 ሺህ በላይ የሚሆን ሠራዊት ሲበተን፣ ዓመታትን ምሽግ ውስጥ ያሳለፈ ሰው በተቀዳደደ የደንብ ልብስ አስፋልት ዳር እጁን ዘረጋ። እኛም ‹‹የደርግ ወታደር›› ብለን ሰደብነው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ፤ ምሣሩን የያዝነው ግን በጥላው ስር ያደግነው ነን።

ሰበብህን አውቀዋለሁ። ‹‹መንግሥት ይጡረው›› ትላለህ። ይጡረው፤ ግዴታው ነው። ነገር ግን መንግሥት በመስቀል ዋዜማ የጎረቤትህን በር አያንኳኳም። ‹‹የየትኛው መንግሥት ወታደር ነበር?›› ብለህም ትጠይቃለህ። ወንድሜ፣ ያ ሰው መትረየሱን ይዞ የቀረው ለመንግሥት አልነበረም። አጠገቡ ለነበረው የጎጃም ልጅ፣ ለወለጋው ልጅ፣ ስሙን ከወር በፊት ለማያውቀው ሰው ነበር። ጓደኛው ሲመታ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ ወገኑን ጠይቆ አልሮጠም። አንተ ቁራሽ ቆጮ ለማካፈል የምትጠይቀውን ጥያቄ፣ እርሱ ነፍሱን ለመስጠት አልጠየቀውም።

ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ አባቶች። የሩቁን ጀግና እናነግሠዋለን፤ የቅርቡን ‹‹ያ አንካሳ›› እንለዋለን። ባልቻ ምንም አያስወጣንም፤ ሞቷል፣ አይራብም፣ የቤት ኪራይ አይጠይቅም። የሰፈራችን ወታደር ግን ይራባል። ስለዚህ የሞተውን መረጥን። ይህ ለጀግና ያለን ፍቅር አይደለም፤ ከዕዳ መሸሻ ነው።

በዚህም ምክንያት ልጆቻችን ጀግንነትን ከዘፈን እንጂ ከኑሮ አልተማሩትም። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ተገልብጣ ሰው ሲጮህ፣ ከሚሮጠው ወጣት ይልቅ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸው ይበዛል። ማን አስተማረው? እኛ ነን። የወደቀን ሰው ዓይቶ ማለፍን ከእኛ ቀዳው። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ቁልቁለቱን እየተቀባበሉ የሚወርዱ አባቶች ልጆች ነን እኮ! ያ ትከሻ ወዴት ጠፋ?

አልችልም አትበለኝ፤ ጉራጌ እንዴት እንደሚያነሣ ያውቃል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲደርስም አንዲት ሴት ብቻዋን አትፍቀውም፣ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁላታል። ለመስቀል ቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይጠራቀማል፤ በሬው በጋራ ይገዛል። ከአዲስ አበባ የመጣው ነጋዴ በጀፎረው ላይ መኪናውን አቁሞ ዘመዱን በየቤቱ ይጠይቃል። በእድር ሬሳ ይነሣል፣ ሐዘንተኛ ይጽናናል። በየጆካ ሸንጎ ስንት ደም የተቃባ ታርቋል። ይህን ሁሉ የምንችል ሰዎች የአንድ ወታደርን እንሰት በደቦ መትከልና መኮትኮት አቃተን? የበሬውን አንድ መደብ ወደ ወታደሩ መበለት ቤት መላክ ከበደን? አልከበደንም። አላሰብነውም። አለማሰባችንም ይቅርታ የሚያሰጠን ሳይሆን በደላችን ራሱ ነው።

እናንተ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ስሙ። ጉብሬ ለትምህርት ብቻ አልጠራቻችሁም። ከግቢያችሁ አጥር ውጭ፣ በእግር በምትደርሱበት ቦታ፣ ማንም ሳይጽፍለት ከነታሪኩ ወደ መቃብር የሚወርድ ሽማግሌ አለ። ደብተርና እስክርቢቶ ይዛችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀመጡ። ባለ ሀብቱም፣ የእድሩ ዳኛም፣ ቄሱም ሼኩም፣ ከመንበርህ ስለ ጀግና ከመናገርህ በፊት በደጁ ተገኝ። በደጁ ካልተገኘህ በአደባባይ ስሙን አትጥራ።

የማዝዝህ ትልቅ ነገር አይደለም። ሐውልት አቁም አላልሁህም። ዛሬ ማታ ሦስቱን አጥር እለፍና በሩን አንኳኳ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ የምጽዋት ዓይንም ይዘህ አትሂድ። ከዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጥ። ስለ መድፍና ስለ ታንክ አትጠይቀው። ‹‹ጋሼ፣ ያን ቀን ያወጡት ጓደኛዎ ስሙ ማን ነበር?›› በለው።

ስሙን ከነአባቱ ይነግርሃል። ከየት አገር እንደመጣ፣ እናቱ ማን እንደሚሏት፣ ቡናውን በጨው ይጠጣ እንደነበር ሳይቀር ይነግርሃል። እርሱ ለአንድ ቀን የተሸከመውን ሰው ዕድሜውን ሙሉ አልረሳም። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ የተሸከመህን ሰው ስም ታውቀዋለህ? ካላወቅህ፣ አሁን ጠይቀው፤ ነገ የቀብር ጥሩንባው ሲነፋ ከጥሩንባ ነፊው አትስማው።