ያለ ከረጢት ስለ መውጣትና ከረጢት ይዞ ስለ መሮጥ

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ባሰማራቸው ጊዜ ለመንገዳቸው እንጀራም ሆነ ከረጢት፣ በመቀነታቸውም ገንዘብ እንዳይዙ ማዘዙን ቅዱስ ማርቆስ ጽፏል፤ በሕማማቱ ዋዜማ ግን፣ ቅዱስ ሉቃስ እንደሚተርከው፣ ያንኑ የፊተኛውን ትእዛዝ አንሥቶ በዚያ ጉዞ የጎደለባቸው ነገር እንደ ነበረ ከጠየቃቸው፣ እነርሱም ምንም እንዳልጎደለባቸው ከመሰከሩ በኋላ፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ኮረጆና ከረጢት እንዲይዙ አዘዛቸው። እነዚህን ሁለት ትእዛዛት ጎን ለጎን አቁሞ የሚመለከት ሰው መሰናዳት የእምነት ጉድለት ነው ወይስ ራሱ የእምነት አንዱ ግብር ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የቆየ ነው፤ በየገዳሙም ብዙ ተብሎበታል። እኔ ግን ወደ እርሱ የምገባው ማንም በማይጠብቀው በር፣ በተራራ ሩጫ በኩል ነው።

ሩጫ ሲባል ሐሳባችን ወዲያው የሚሄደው ወደ ስታዲየሙ መም፣ ወይም ሕዝብ ግራና ቀኝ ቆሞ ወደሚያጨበጭብበት የማራቶን ጎዳና ነው። መንገዱ ያልተሰመረለት፣ ሯጩ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ራሱ እየፈለገ የሚሄድበት ሌላ የሩጫ ወገን ግን አለ። ስዊድናዊው የጦር መኰንን ኤርንስት ኪላንደር እ.ኤ.አ. በ1919 በስቶክሆልም አቅራቢያ ባዘጋጀው ውድድር ይህን ዓይነቱን ሩጫ መልክ አስያዘው፤ በ1968 ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ ጄሪ ቻርንሊ ወደ ተራራ አወጣውና ሯጮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ቀን እንዲሮጡ፣ ድንኳናቸውንና ስንቃቸውንም በጀርባቸው ተሸክመው በመካከሉ አንድ ሌሊት በሜዳ እንዲያድሩ ተደነገገ። በየኮረብታውና በየሸለቆው የተቀመጡትን ምልክቶች በተሰጣቸው ተራ መርገጥ ግዴታቸው ነው፤ አንዱን የዘለሉ ጥንዶች ከሁሉ ቀድመው ቢገቡ እንኳ ድካማቸው ከንቱ ነው። እንግዲህ ሁለት ሁለት ሆኖ መሰማራቱ ከወንጌሉ ጋር ይስማማል፤ ከረጢቱ ግን ከፊተኛው ትእዛዝ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

እንዲህ ያለውን ውድድር በሐሳቤ ይዤ አገሩን ስመለከት፣ በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ተነሥቶ በጮቄ ራስ ላይ አልፎ ወደ ሞጣ የሚወርደውን ምድር የሚስተካከል አላገኝም። ቢቸና ከጮቄ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሞጣ በስተ ሰሜን ናቸው። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የመኪና መንገድ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን በኩል ተራራውን በስተ ግራ፣ የዓባይን በረሃ በስተ ቀኝ ትቶ በደጋው ሜዳ ላይ ያልፋል፤ ተራራውን የመረጠ ሯጭ ግን ጤፍ ከሚዘራበት ማሳ ተነሥቶ ገብስና ድንች ወደሚበቅልበት ደጋ፣ ከዚያም አስታና ጅብራ ብርዱን ችለው ወደሚቆሙበት ውርጭ፣ ወደ 4,100 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚያ ከፍታ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከሦስት እጅ ሁለቱን እንኳ አይሞላም፤ ሳንባው የተቸገረ ሰው ደግሞ አሳቡም አብሮ መቸገሩ አይቀርም።

የጮቄ ዋናው ፈተና ግን ከፍታው አይደለም። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉት ወንዞች ከእርሱ ይወርዳሉ፤ ዓባይም ጎጃምን ዞሮ ስላቀፈው፣ ከዚያ ተራራ ራስ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ የሚወርድ ውኃ ሁሉ ፈጥኖም ይሁን ዘግይቶ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ጉም ወርዶበት መንገድ የጠፋው ሰው ውኃ ተከትዬ ልውረድ ቢል፣ ውኃው መጨረሻውን እንጂ ያለበትን ስፍራ አይነግረውም፤ ሞጣ እደርሳለሁ ያለው ሰው ሲመሽበት በበረሃው አፋፍ ላይ ይቆማል። ፍጻሜው አንድ ከሆነ መንገዱ የትም ቢሆን ግድ የለም የሚሉ ፈላስፎች ይህን ተራራ አንድ ቀን በክረምት ጭጋግ ውስጥ ቢያዩት እወድ ነበር።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫና ስለ አክሊል የጻፈላቸው በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ይደረግ የነበረውን የኢስትሚያን ጨዋታ የሚያውቁ ስለ ነበሩ ነው። የዚያ አገር አጭሩ ሩጫ ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ቀጥ ያለ መም ላይ የሚደረግ፣ ሯጩም መድረሻውን ከመነሻው የሚያይበት ነበረ፤ ስለዚህ የሐዋርያው ምሳሌ ስለ ራስ መግዛትና ስለ ቁርጥ ዓላማ ብዙ ሲያስተምር፣ መንገዱን ስለማያውቅ ሯጭ ግን ዝም ይላል። ዝም ያለውን የሚናገረው የዕብራውያን መልእክት ነው፤ በዚያ አብርሃም የተመሰገነው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ በመውጣቱ ነውና። ይሁን እንጂ ያው አብርሃም ከካራን ሲወጣ ከብቱንና ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ መውጣቱን ኦሪት አልሸሸገችም። መንገዱን የማያውቀው የአበው አለቃ ከረጢቱ ሙሉ ነበረ፤ እምነቱም የተቈጠረለት በሸክሙ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን በየምዕራፉ የሚነገረውን ለመስማት ልቡናው ክፍት በመሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሯጩም ዝግጅት እንዲሁ ይመስለኛል። የአካሉ ነገር አጭር ነው፤ ዳገት መልመድ፣ ከዳገት ይልቅ ጉልበት የሚሰብረውን ቁልቁለት መልመድ፣ በብርድ ማደር፣ ይኸው ነው። ረጅሙና አስቸጋሪው የልቡና ዝግጅት ነው። የአገራችን ካርታ በ1 ለ50,000 መጠን ሲነሣ አንድ ኪሎ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ይጠቃለላል፤ በዚያ ጠባብ ስፍራ ላይ ሁሉም ሸለቆ ሌላውን ሸለቆ ይመስላል። የደከመ ሰው በካርታው ላይ አንድ ጠመዝማዛ ወንዝ፣ በፊቱም አንድ ጠመዝማዛ ወንዝ ያያል፤ ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ ስለሚመኝ አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ምስክር ሁሉ ለምኞቱ ያስገዛዋል፤ መኖር የነበረበት ምንጭ ባይኖር ደርቋል ይላል፤ በቀኙ መታየት የነበረበት የቤተ ክርስቲያን ደን ባይታይ ኮረብታው ጋርዶት ነው ይላል፤ እንዲህ እያለ ሙሉ ሰዓት በልበ ሙሉነት ወደ ጥፋት ይሮጣል። በዚህ ስፍራ ስሕተቱ የመጣው ከዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ካርታ የማያውቅ ሰው ቆሞ እረኛ ይጠይቅ ነበር።

የዚህን ደዌ መድኃኒት ለማግኘት ከቢቸና ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በዲማ ጊዮርጊስና በመሰሎቹ ጉባኤያት የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲነገር፣ መምህሩ አንዱን ንባብ በአንድ ምስጢር ዘግቶ አይሄድም፤ አንድም እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያመጣል፣ እያንዳንዱንም በታሪክና በምሳሌ ያጸናዋል፣ ደቀ መዝሙሩም ሁሉን በቃሉ ይይዛል። ለችኩል ሰው ይህ ማንዛዛት ሊመስለው ይችላል፤ በጉም ውስጥ ለቆመ ሯጭ ግን ከዚህ የሚሻል ልማድ አላውቅለትም። ይህ ሸለቆ ሱሃ የሚነሣበት ይሆናል፤ አንድም ገና ያላለፍኩት የሙጋ ገባር ይሆናል፤ ፊተኛው ከሆነ ጥቂት እንደ ሄድኩ መሬቱ ወደ ቀኝ መክፈት አለበት፤ ባይከፍት ሁለተኛው ነው ብሎ ሁለቱንም ይዞ የሚራመድ ሰው፣ ምድሩ ራሱ እስኪፈርድለት ድረስ ለየትኛውም አሳቡ አይገዛም።

የተራራ ሯጮች ከዚህም የረቀቀ ሌላ ጥበብ አላቸው። ዒላማው በወንዝ ዳር ያለ እንደ ሆነ፣ ብልኁ ሯጭ በኮምፓሱ በቀጥታ ወደ እርሱ አያነጣጥርም፤ ሆነ ብሎ ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። በቀጥታ ያነጣጠረ ሰው ከወንዙ ደርሶ ዒላማውን ባያገኘው በየትኛው ወገን እንደ ሳተው ስለማያውቅ ሲባዝን ይቆያል፤ ሆነ ብሎ ወደ ግራ ያዘነበለው ግን ከውኃው እንደ ደረሰ ሳይጠራጠር ወደ ቀኝ ይዞራል። ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ እንደማይችል አስቀድሞ ማመን፣ ጉድለቱንም የጉዞው አንድ ክፍል አድርጎ ማሰናዳት፣ አበው ትሕትና ከሚሉት ነገር እንዴት እንደሚለይ ለማየት ብሞክር አልቻልኩም። ትሕትናን ራስን ማዋረድ ብቻ አድርገው የሚሰብኩ ሰዎች ይህን የምሕንድስና ወገኗን ዘንግተዋል።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ በሮጠበት ምሽት የዚህ ሁሉ ማስረጃ ይገኛል። መንገዱን ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድሞ አይቶት ስለ ነበረ፣ ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት ከመጨረሻው ብዙ ሳይርቅ እንደሚቆም ያውቅ ነበር፤ ቆርጦ የሚወጣበትንም ስፍራ እርሱን አድርጎ ወሰነ። ሁለተኛው ምልክቱ ግን ቁጥር ነበረ፤ የሚያሰጋው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ሰውየው ግን 185 ለብሶ ወጣ። ስለዚህ አበበ ራዲ ከጎኑ እየሮጠ ሳለ ገና ከፊቱ ያለ የሚመስለውን ባለ 26 ይፈልግ ነበር። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ግን ቆርጦ ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም ገባ። ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ ከዳው፣ ሌላው ጸናለት፤ የጸናለት የማይንቀሳቀሰው ነው። በጮቄም ላይ የቆመ ከብት፣ የተከመረ ገለባ፣ የትናንት አጥር ምልክት አይሆኑም፤ ሸንተረሩና የደብሩ ደን ይሆናሉ።

ስንቁን በተመለከተ ብዙ አልልም። በሶና ቆሎ ለሁለት ቀን ሩጫ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው የታሸገ ምግብ ያንሳሉ የሚል ሰው ካለ አልቀበለውም፤ በጾምም በፍስክም ያገለግላሉ፣ እሳትም አይጠይቁም። ከስንቁ ይልቅ አስተውሎት የሚገባው የቆሎ ተማሪው አኩፋዳ ነው። ቅኔ ፍለጋ ከዲማ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ የሚሻገረው ደበሎ ለባሽ ልጅ ከደቀ መዛሙርቱ በተለየ ከረጢት ይዟል፤ ከሯጩ በተለየ ደግሞ ከረጢቱ ባዶ ነው። እንጀራው በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የሚለምነው፣ መንገዱም በየመንደሩ የሚጠይቀው ነው። ያ ባዶ ኮረጆ በማርቆስና በሉቃስ መካከል የቆመ ይመስለኛል፤ የሚሰጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ የሚቀበልበትን ዕቃ ግን ሰፍቶ ወጥቷልና። መሰናዳት የነገውን ማወቅ ነው ብለን ከተነሣን ከእምነት ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ ነገ ለሚነግረን ነገር በውስጣችን ስፍራ ማበጀት ነው ካልን ግን ጠቡ ከወዴት እንደሚመጣ አይታየኝም።

ይህን ሁሉ ያሟሉ ሁለት ጓደኛሞች ጭጋግ ውስጥ ቆመው ሁለቱም በአንድ ቃል ተስማምተው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። መክብብ አንዱ ቢወድቅ ሁለተኛው ያነሣዋል ሲል፣ አብረው ስለሚወድቁት ግን አዝኖላቸው ያልፋል። ለዚያች ሰዓት የተራራ ሯጮች ሕግ አንድ ነው፤ ካርታውንም ግምቱንም ትቶ፣ በእርግጥ ወደሚታወቀው ወደ መጨረሻው ስፍራ መመለስ። ለመናገር ቀላል ነው፤ በእንብርክክ የተወጣን ዳገት ለመውረድ፣ ያውም ዒላማው ከዚህ ኮረብታ ማዶ ነው እያለ ልብ ሲሟገት መመለስ፣ ከሩጫው ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። የንስሐ አባቶችም ለልጆቻቸው ከዚህ የተለየ ሲመክሩ አልሰማሁም።

እስከዚህ ድረስ ምሳሌው አብሮኝ ሄዷል፤ ከዚህ ወዲያ ግን ይለየኛል። ተመልሶ የሄደ ሯጭ የባከነበትን ሰዓት ማንም አይተካለትም፤ በሞጣ የሚቆመው ዳኛ የሚያነበው ሰዓቱን ነው፤ የተጸጸተበትንም ያልተጸጸተበትንም ደቂቃ እኩል ይቈጥራል። በወይን ቦታው ምሳሌ ግን በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣው ሠራተኛ ከማለዳ ጀምሮ ሐሩሩን ከተሸከመው ጋር እኩል ዲናር ተቀብሏል፤ የማለዳዎቹም አጕረመረሙ። በዳኛው አልፈርድበትም፤ ሰዓት የማይቈጠርበት ሩጫ ሩጫ አይሆንም። የማለዳዎቹ ሠራተኞች ስሕተት፣ የወይኑን ቦታ እንደ ሩጫ ሜዳ መቍጠራቸው ይመስለኛል።