ስም ያልወጣለት ፍጥረት

መርካቶ እህል በረንዳ ውስጥ የከረመ የበቆሎ ጆንያ ሲፈታ፣ ከእህሉ ቀድማ ብር ብላ የምትወጣ ትንሽ የእሳት እራት አለች። መልኳ ገለባማ ነው፤ ክንፎቿ ተዘርግተው ቢለኩ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞሉም፤ የኋላ ክንፎቿ ጫፋቸው ሾሎ ዳር ዳራቸው ረጅም ጸጉር ያለው ዘርፍ ነው። ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ ይሰድና ጥቂት ፍሬ መዳፉ ላይ ይበትናል። አንዳንዷ ፍሬ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ ይመስላል። ትሏ ከእንቁላል እንደወጣች አንዲት ፍሬ በስታ ትገባለች። እዚያው በልታ እዚያው ታድጋለች፤ ወደ ሙሽሬነት ከመለወጧ በፊትም ለመውጫዋ የሚሆን ክብ መስኮት ትቀርጽና በላዩ ስስ ልጣጭ ትታ ትተኛለች። ነጋዴው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል፦ «ነቅዟል።» ዋጋውም ወዲያው ይወርዳል።

ይህች ነፍሳት ስም አላት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ አንጉሙዋ በሚባል አውራጃ ስንዴውን ስትፈጅ ዱሃሜል ዱ ሞንሶና ቲዬ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተልከው መረመሯት፤ ታሪኳንም በ1762 በመጽሐፍ አሳተሙ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1789 ኦሊቪዬ የተባለው የነፍሳት አጥኚ ሳይንሳዊ ስሟን አወጣ፤ ዛሬ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ ትባላለች። ሰው ስሟን ያወጣላት የጎተራው ጠላት ስለሆነች ነው።

በጫካ የሚኖሩትና ማንንም የማይጎዱት ግን ተራ አልደረሳቸውም። እስካሁን ስም የወጣላቸው የእሳት እራት ዝርያዎች 160,000 ገደማ ናቸው። ያልተሰየሙትም እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት በሞቃታማው የምድር ክፍል ነው። ተይዘው እንኳ ወረፋ የሚጠብቁ አሉ፦ በ2012 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው አዲስ ዝርያ ከተያዘበት ቀን አንስቶ ተገልጾ ስም እስኪወጣለት በአማካይ 21 ዓመት ይወስዳል። እነዚያን 21 ዓመታት በመርፌ ተሰክቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቆየው ፍጥረት ምንድን ነው? በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ፣ በሰው ዘንድ የሌለ? ስም ማውጣትስ ለፍጥረቱ የሚጨምርለት ነገር አለ?

ጥያቄው የሃይማኖት ጥያቄ ነው፤ መርካቶ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የታላቁ አንዋር መስጊድ እዚያው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በሁለቱም ውስጥ አዳምና የስም ነገር ይነገራል። አነጋገሩ ግን ይለያያል። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ አዳም ያመጣቸዋል፤ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ያያል፤ አዳም ያወጣው ስም መጠሪያቸው ሆኖ ይቀራል። በቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ደግሞ ስሞቹን ሁሉ ለአደም ያስተማረው አላህ ነው፤ መላእክቱ የማያውቁትን አደም ይነግራቸዋል። በመጀመሪያው ሰው ስም ይሰጣል፤ በሁለተኛው የተማረውን ይናገራል።

ሁለቱን ትረካዎች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል እንዳለበት ሊሰማው ይችላል። የእሳት እራት ገላጮች ሥራ ግን ሁለቱንም ይዞ የሚሄድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጨለማ ነው። ጫካ ዳር ነጭ አቡጀዲ ይወጠራል፤ ከፊቱ ኃይለኛ መብራት ይበራል፤ በራሪዎቹ መጥተው ጨርቁ ላይ ያርፋሉ። ከተያዙት መካከል ማንም የማያውቀው የሚመስል ከተገኘ ከዘመዶቹ ጋር ይነጻጸራል። የክንፍ መልክ ብዙ ጊዜ ስለሚያታልል የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይቀቀላል፤ ሥጋው ሟሙቶ ጠንካራው የመራቢያ አካል ሲቀር በማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል። ተቀራራቢ ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ የሚለዩት እዚያ ነው። ከዚያ መግለጫው ይጻፋል፤ አንድ ናሙና የስሙ ቋሚ ምስክር እንዲሆን ሆሎታይፕ ተብሎ ይመረጣል፤ የተያዘበት ቦታ፣ ቀንና ከፍታ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከሥሩ ይሰካል። ስሙ የጸና የሚሆነው በይፋ ሲታተም ነው፤ የቅድሚያ ቆጠራው መነሻም የስዊድናዊው ተፈጥሮ አጥኚ የሊኔየስ የ1758 መጽሐፍ ነው። ያው ዝርያ ሁለት ጊዜ ስም ቢወጣለት የፊተኛው ይጸናል፤ የኋለኛው ይሻራል።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ለጥያቄው መልስ ይዟል። ስሙ የሰው ስጦታ ስለሆነ ሊሻር ይችላል፤ ፍጥረቱ ግን አይሻርም። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የተባለው የአፍሪካ ቢራቢሮ ጥሩ ምስክር ነው። በብዙ አገር እንስቶቹ መልካቸው ከወንዱ ፈጽሞ ስለሚለይ የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው የተለያየ ስም ወጥቶላቸው ነበር። በደቡብ አፍሪካ የሠራው ሮላንድ ትራይመን በ1869 አንድ መሆናቸውን አሳየ፤ እንስቶቹ መልካቸውን የተዋሱት ወፍ ከማይበላቸው መራራ ቢራቢሮዎች ነበር። በኢትዮጵያ ያለው የዚሁ ቢራቢሮ ንዑስ ዝርያ ደግሞ እንስቶቹ በአብዛኛው እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ክንፍ ናቸው። ሊቃውንቱ ስም ሲያበዙና ሲሽሩ ቢራቢሮው አንድ እንደሆነ ኖሯል። ስለዚህ ስም ሰጪው ሰው ነው፣ የሚሰየመውን ነገር ግን ሰው አይወስነውም፤ ይማረዋል እንጂ። ኦሪቱም ቁርኣኑም በዚህ ሥራ ውስጥ አብረው ይሠራሉ ማለት ማጋነን አይሆንም።

ሰው ሳያየው ያወቀው የእሳት እራትም አለ። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ከማዳጋስካር የመጣ ነጭ የኦርኪድ አበባ ይመረምራል፤ ማሩ የተቀመጠው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቀጭን ቱቦ ግርጌ ነው። እዚያ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት እራት የግድ መኖር አለበት ሲል ጻፈ። ፍጥረቱ ተገኝቶ ስም የወጣለት በ1903 ነው፤ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ። በ2021 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ዛንቶፓን ፕሬዲክታ ተብሏል። በእነዚያ አርባ ዓመታት የእሳት እራቱ ማሩን ከመጠጣት አልቦዘነም፤ የጎደለው ሰው ጋ ነበር።

ሆኖም ሃይማኖተኛው አንባቢ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለው፦ ቅዱሳት መጻሕፍት ነፍሳትን የሚያነሡት ትምህርት እንድንወስድባቸው አይደለም ወይ? እውነት ነው። በመጽሐፈ ኢዮብና በኢሳይያስ ብል የጠፊነት ምልክት ነው፤ ክርስቶስም በተራራው ስብከቱ ብል የማይደርስበት መዝገብ እንዲኖረን አስተምሯል። በሱረቱል ቃሪዓህ ሰዎች በዚያ በአስፈሪው ቀን የተበተኑ የእሳት እራቶች ይመስላሉ። ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ ጥንታዊ ናት፤ እንስሳትን እየገለጸ ምሥጢራቸውን የሚተረጉመው ፊሳልጎስ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። መጽሐፉ ክቡር ነው። ነገር ግን በእርሱ ዘንድ እንስሳው መስኮት ነው፤ አንባቢው በእንስሳው በኩል ወደ ሌላ ነገር ያያል። አዳም የታዘዘው ይህን አልነበረም። እንስሳቱ በፊቱ ሲያልፉ ትርጓሜ እንዲያወጣላቸው አልተጠየቀም፤ እያንዳንዱን አይቶ እንዲጠራ ነው። ፍጥረትን ለራሱ ሲባል ማየት ከትርጓሜ የቀደመ አምልኮ ነው።

ሸማ ተራ አካባቢ ልብስ የሚሸጥ ሰው ብልን በቅርብ ቢያይ ይህ ይገለጥለታል። ንጹሕ የጥጥ ነጠላ ለልብስ ብል ምግብ አይደለም፤ የሚበላው የበግ ጸጉር ነው፤ በርኖስና ባና። የሚበላውም የሚበረው አይደለም። ክንፍ ያወጣው ብል ጭራሽ አይበላም፤ ልብሱን የሚጨርሰው ትሉ ነው። አብዛኞቹ እንስሳት ሊፈጩት የማይችሉትን የጸጉርና የላባ ንጥረ ነገር እርሱ ይፈጨዋል፤ በዱር ቢሆን የወፍ ጎጆና የበድን ጸጉር የሚያጸዳ ነው። ምሳሌው አልፈረሰም፤ ፍጥረቱ ግን ከምሳሌው ይሰፋል።

የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። ለመግለጽ መግደል ያስፈልጋል። ሆሎታይፑ ሕይወት የነበረው ነው፤ ስም የተገዛው በእርሱ ሞት ነው። አንዳንዶች ፎቶግራፍና ደቃቅ የዘር ናሙና ይበቃል ይላሉ፤ ለዝሆን ወይም ለወፍ ሊበቃ ይችላል። የመራቢያ አካሉ ካልታየ ለማይለይ የእሳት እራት ግን አይበቃም። ሰው ይህን ሲያደርግ ዕዳ ይገባል፤ ዕዳውም የሚከፈለው በጥንቃቄ በመጻፍና ናሙናውን በመጠበቅ ነው። ይዞ፣ ገድሎ፣ ሳይገልጹ መሳቢያ ውስጥ መተው ግን ሰበብ የለውም።

ስም ማን እንደሚያወጣም ቀላል ነገር አይደለም። መርካቶ በረንዳዎች ላይ የተከመረውን ይመልከቱ። ቡና ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣ ሆኖ ሳለ ሊኔየስ በ1753 በዓረብ አገር ስም ጠራው። የኑግ ሳይንሳዊ ስም ፍራንስዋ ጊዞ የተባለውን የፈረንሳይ ታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ያስታውሳል። ኮሶ የኮኒግስበርጉን ኬሚስት ሃገንን ተሸክሟል። ጤፍና እንሰት ዕድለኞች ናቸው፤ የአገራቸው ስም በሳይንሱም ተከትሏቸዋል። የእሳት እራቶቹም ከዚህ አላመለጡም። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለው ጣሊያናዊ ተፈጥሮ አጥኚ በምኒልክ ፈቃድ ሸዋ ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ እንስሳትና ነፍሳት ይሰበስብ ነበር፤ በ1882 እዚያው ሞተ። የላካቸው ናሙናዎች ጄኖዋ ሙዚየም ገቡ። ሻርል ኦበርቱር የተባለው የነፍሳት አጥኚ በ1880 ዛሬ ኤፒፎራ አንቲኖሪ የሚባለውን ትልቅ የሐር ትል ዘመድ የእሳት እራት በስሙ ጠራው፤ ቀደም ሲል የተነሣው የኢትዮጵያ ባለ ጅራት ቢራቢሮም ከሦስት ዓመት በኋላ የእርሱን ስም ያዘ። አንቲኖሪ የደከመበት ሥራ ነውና ክብሩ አይነፈገውም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፦ የአገሩን የእሳት እራት ከምንጩ ማወቅ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ወደ ጄኖዋ፣ ወይም ሩዦ የተባለው የነፍሳት አጥኚ በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ጉዞውን ውጤት ወዳሳተመበት ወደ ፓሪስ ማየት አለበት።

የመግለጽ ጥቅም የሚታየው በችግር ቀን ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳ ውስጥ የታየው ትል በብዙዎች ዓይን የለመዱት ተምች ነበር። አልነበረም። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጭ መስመር፣ ከጅራቱ በላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ነበሩት፤ በ1797 ከአሜሪካ የተገለጸው መጤ ተምች ነው። ገበሬዎች እነዚያን ነጥቦች እንዲያዩ ተማሩ። አንድ ሰው 220 ዓመት ቀደም ብሎ አስተውሎ ስለጻፈ፣ ማሳው ላይ የቆመው ሰው ጠላቱን ለይቶ አወቀ።

ለዕፅዋት ይህ ሥራ በአገር ልጆች እጅም ተሠርቷል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ለነፍሳት ግን የሚመጣጠን ነገር የለም። አቡጀዲውም መብራቱም መርካቶ ይገኛል፤ የማይገኘው ዕድሜውን ለዚህ ሥራ የሰጠ ሰውና የሚቀጥረው ተቋም ነው።

ሥራው የት ቢጀመር ይሻላል ለሚል ሰው ደቡብ ጎንደር ጥሩ ቦታ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ጫፍ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋርም ደኖቹን ከከብት የሚጠብቅ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ደክመዋል። በዙሪያቸው ያለው ጫካ ሲመነጠር እነዚህ ደኖች የቀሩት ሳይንስ ስላወቃቸው አይደለም፤ ሕዝቡ የእግዚአብሔር ቤት ልብስ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው። ቄሶቹ ስሙን የማያውቁትን ፍጥረት ሁሉ ጠብቀዋል። የባሕር ዳር ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በደብሩ አለቃ ፈቃድ ከአጥሩ ውስጥ አቡጀዲ ወጥሮ ቢያድርና ያላወቀው የእሳት እራት ቢያርፍለት፣ ናሙናው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ በሚገኘው የእንስሳት ሙዚየም ይቀመጥ፤ ስሙም ደኑን ጠብቆ ባቆየው ደብር ስም ይውጣ። የስም አወጣጡ ደንብ ይህን ይፈቅዳል።