ከቃጠሎ በኋላ፤ ስለ መስጠትና ስለ መቀበል

ሰው በብዙ ድካም የሰበሰበውን ሀብት በአንዲት ሌሊት ከሚያጣባቸው መከራዎች አንዱ የእሳት ቃጠሎ ነው። ድርቅ ሲመጣ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል፤ እሳት ግን ቀጠሮ የለውም። በተለይም የገበሬው ቤት በሣር የተከደነ፣ በረቱ ከቤቱ የተጠጋ፣ የጤፉና የገብሱ ክምርም በአጠገቡ የቆመ በሆነ ጊዜ፣ ከምድጃ የወጣች አንዲት ፍንጣሪ በበጋ ነፋስ ተገፍታ የዓመቱን ጉልበት አመድ ታደርገዋለች። የሚጠፋውም ቤት ብቻ አይደለም። ጎተራው ሲቃጠል የሚበላውና የሚዘራው አብሮ ይቃጠላል፤ በረቱ ሲቃጠል የሚያርሱት በሬዎችና የምትታለበው ላም ይጠፋሉ፤ ቀፎው ሲቃጠል ከማር ሽያጭ ይገኝ የነበረው የልብስና የትምህርት ቤት ገንዘብ ይቀራል።

እንዲህ ያለ መከራ በአንድ ቤተ ሰብ ላይ በደረሰ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው በጎረቤት አፍ የሚነገር ነው፤ ይኸውም «ምን በድለው ይሆን?» የሚል ነው። ሁለተኛው በተቃጠለበት ሰው ልብ ተሰውሮ የሚኖር ነው፤ ይኸውም «ስሰጥ የኖርሁ ሰው ዛሬ ለመቀበል እጄን እንዴት እዘረጋለሁ?» የሚል ነው። ጽሑፋችን ይልቁንም ስለ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን አንደኛው መልስ ሳያገኝ ሁለተኛው አይፈታምና ከእርሱ እንጀምራለን።

የጻድቁ ኢዮብ በጎች በእሳት እንደ ተበሉ በመጽሐፉ ምዕራፍ 1 ተጽፏል። ወዳጆቹ ሊያጽናኑት መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው የኃጢአቱን ምክንያት መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ግን ማጽናናታቸው ቁስል ሆነበት፤ በመጨረሻም የተወቀሱት እነርሱ ናቸው። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። እንግዲህ አመዱ ሳይበርድ የሰውን ኃጢአት መቍጠር የጎረቤት ሥራ አይደለም።

ይህን ስንል ግን እውነተኛውን ምክንያት መሸፈን አይገባም። አንድ ሰው የእርሻውን ገለባ ሲያቃጥል እሳቱ አምልጦ የጎረቤቱን ክምር ቢበላ፣ ነገሩን «የእግዚአብሔር ቍጣ ነው» ብሎ ማለፍ ሐሰት ነው። የሙሴ ሕግ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 እንዲህ ያለው ሰው እንዲክስ ያዝዛል። ትዕግሥት ፍትሕን አያስቀርም፤ ካሣ የሚገባው ሰው ካሣውን ቢጠይቅ ምስጋና የጎደለው አይባልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በየአጥቢያው ለድኻ ሲሰፍር፣ ለማኅበርተኛው ሲደግስ፣ ዘር ላነሰው ሲያበድር የኖረ ጨዋ ገበሬ አለ። ይህ ሰው ቤቱ በተቃጠለ ጊዜ «አያስፈልገኝም፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የመጣለትን እህል ይመልሳል። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ትሕትናና እምነት ይመስላል። በቀረበ ጊዜ ግን ልንመረምረው ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ከመቀበል መስጠት እንዲበልጥ ተምረናል፤ ይሁን እንጂ ተቀባይ ከሌለ ሰጪ ሊኖር አይችልም። ትናንት እርሱ በሰጠ ጊዜ የበረከቱ ተካፋይ የሆነው ሌላው እጁን ስለ ዘረጋለት ነው። ዛሬ እጁን ቢሰበስብ ያንኑ በረከት ለጎረቤቱ ይከለክላል። ሁለተኛም፣ እምቢታው የሚጾመው በእርሱ ሆድ ብቻ አይደለም። ሚስቱና ልጆቹም ይራባሉ። የራሱን ክብር በልጆቹ ረኃብ የሚጠብቅ ሰው፣ ያ ክብር ትዕቢት እንዳይሆን ይፍራ። ሦስተኛም፣ ኢዮብ ራሱ ተቀበለ። ብዙ ጊዜ ስለ ኢዮብ ስንሰብክ በጎቹ 14,000፣ ግመሎቹ 6,000 እንደ ሆኑ እንናገራለን። ከዚያ ቍጥር በፊት ግን በምዕራፍ 42 ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ የሚያውቁትም ሁሉ ወደ ቤቱ መጥተው ከእርሱ ጋር እንጀራ እንደ በሉ፣ እያንዳንዳቸውም ከያዙት እንደ ሰጡት ተጽፏል። እግዚአብሔር የኢዮብን ቤት ሲያቆም የጎረቤትን እጅ አልናቀም፤ ኢዮብም የወንድሞቹን ስጦታ አልመለሰም።

«መቀበል ሰውን ያሳንሳል፤ ሰነፍም ያደርጋል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚያሳንሰው የአሰጣጡ መንገድ ነው። በሕዝብ ፊት ስሙ እየተጠራ የሚሰጠው ሰው ሁለት ጊዜ ይቃጠላል። አባቶቻችን ግን ወንፈልንና ደቦን ሠርተዋል። በወንፈል የዛሬው ረዳት የነገ ተረጂ ነውና ማንም በማንም ላይ አይኮራም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውም ተረት ይህንኑ ያስረዳል። አንዱ ማገር፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ የአንድ ቀን ጉልበት ቢያመጣ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የማይቻለው ለአጥቢያው ቀላል ይሆናል።

ሰጪዎችም ጊዜን ማወቅ ይገባቸዋል። ክምሩ በጥር የተቃጠለበት ቤተ ሰብ በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራና ለቅሶ አይጐድልበትም። ጭንቁ የሚመጣው ዝናም በጣለ ጊዜ ነው። በሰኔ የሚያርስ በሬ የለውም፤ ዘሩም ተቃጥሏል፤ በሐምሌና በነሐሴ የሁሉም ጎተራ በሚጐድልበት ወራት የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ በጥር ከሚሰጥ አንድ ቍና እህል ይልቅ በሰኔ የሚሰጥ ዘርና ጥማድ በሬ ለሦስት ቀን ማዋስ ቤቱን ያቆመዋል። እህሉ ተበልቶ ያልቃል፤ ዘሩ ግን የሰውየውን ክብር ይመልሳል፤ በራሱ ላብ የሚበላ ያደርገዋልና።

የተቀበለውም ቤተ ሰብ የራሱ ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው በጥበብ መሥራት ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ታዟል። እንዲሁም እንደ ገና የሚሠራ ገበሬ ማድ ቤቱን ከበረቱ፣ ክምሩንም ከሁለቱ ያርቅ፤ ድርቆሹንም በሚገባ ሳይደርቅ አይከምር፤ እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጡ እየጋለ በራሱ የሚነድበት ጊዜ አለና። የዘሩንም አንድ ክፍል በሌላ ቤት ያኑር። ሁለተኛው ከጥቂት መጀመርን አለማፈር ነው። ሃያ ቀፎ የነበረው ሰው ከአንድ ቀፎ፣ የወተት ላሞች የነበሩትም ከጥቂት ዶሮዎች ቢጀምር ውርደት የለበትም። ሦስተኛው የተቀበሉትን ለመጀመሪያው ሰጪ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ለሚቃጠልበት ሰው ለመክፈል ማሰብ ነው።

ካህናት ሆይ፤ በዚህ ነገር የንስሓ አባት ድርሻ ታላቅ ነው። በአደባባይ ለመቀበል የሚያፍረውን ያውቃል፤ ስሙ ሳይጠራ ሊሰጥ የሚወደውንም ያውቃል። በሁለቱ መካከል በምሥጢር ይቁም። በሐምሌም የዚያን ቤት ደጅ ሳይረሳ ያንኳኳ።

ምእመናን ሆይ፤ እጃችን ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለመቀበልም ተፈጥሯል። ለመቀበል የማይዘረጋ እጅ፣ ትናንት የሰጠውን ስጦታ በፍቅር ሰጥቶት እንደ ሆነ ወይም በመብለጥ ፈልጎ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።