ስለ ማየትና ስለ መያዝ

ሰው መልካም ነገር ባየ ጊዜ በልቡ ሁለት ፈቃድ ይነሣል። አንደኛው ቆሞ መመልከት ነው፤ ሁለተኛው ያየውን የራሱ አድርጎ ወደ ቤቱ መውሰድ ነው። ሁለቱም ከአንድ ፍቅር የሚወለዱ ስለ ሆኑ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ልዩነታቸው ብዙ ነው። የፎቶግራፍ መሣሪያ በየሰው እጅ በገባበት በዚህ ዘመን፣ ማየት የትኛው፣ መያዝም የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የጨዋ ሰው ሁሉ ግዴታ ሆኗል።

ለምሳሌ ያህል፣ ቅዳሜ ከሥራው ያረፈ አንድ የወልድያ ሰው መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ፣ በስሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ አልፎ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይሄዳል እንበል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ለዚህ ገዳም የሰጡት ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል፣ ዘመናቸው በርግጥ ከታወቀው ጥንታውያን የኢትዮጵያ መጻሕፍት አንዱ ነው። ከ7 መቶ ዓመት በላይ የቆየ የብራና ሥዕል ያለበትን ገዳም የሚሳለም ሰው፣ ሠዓሊው ለአንዲት ገጽ ስንት ቀን እንደ ደከመ፣ ብራናውን ስንት ትውልድ እየተቀባበለ እንደ ጠበቀው ሊያስብ ይገባው ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ዐይኑ ገና ሳያርፍ እጁ ይቀድማል፤ ያንዱን ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ሌላው ይቸኩላል። ማታ ቤቱ ሲገባ መቶ ምስል ይዟል፤ የቅዱሱ ልብስ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረ የጠየቁት እንደ ሆነ ግን መሣሪያውን ሳይከፍት መልስ የለውም።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች መሣሪያው ከቅዱሳት መካናት ጨርሶ ይከልከል ይላሉ። ይህም የችኮላ ፍርድ ነው። ስለምን ቢሉ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ የሐይቁ ወንጌልም ከእነዚሁ መካከል ነው። መጽሐፉ ቢጠፋ እንኳ ቃሉና መልኩ አይጠፋም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጁ ድረስ የመጣበት የወልድያና የሀብሩ ሰው፣ የብዙ ዘመን ዕቃ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል የሚያስረዳው አያሻውም። ደግሞም መልኩ የታወቀ ዕቃ በሌባ እጅ ተሰውሮ መኖር ይቸግረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል፣ በቤልጅግ ሀገር ከአንድ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ተመልሷል።

እንዲህ ከሆነ ፎቶግራፍ ጠባቂ ነውን? ጠባቂስ አይደለም፤ ምስክር ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በወሎ ምድር በመቅደላ በሞቱ ጊዜ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ለራሱ ወሰደ። ፎቶግራፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 በለንደን ታተመ፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የፈለገ ሁሉ ምስሉን ሊያይ ይችላል፤ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ግን ጸሎት የሚያደርስ የለም። ስለዚህ «ምስሉ አለን፤ ይበቃናል» የሚል ቢኖር፣ የአባቱን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «አባቴ አልተለየኝም» እንደሚል ልጅ ነው። ምስክር ምትክ አይሆንም።

በዚያው በለንደን ከዚህም የሚደንቅ ነገር አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይዟል። ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ፎቶግራፍም አያስነሣቸውም፤ የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ይህንም የሚያደርገው ለቅድስናቸው ክብር ሰጥቶ ነው። እንግዲህ ከማየት ተቈጥቧል፤ ከመያዝ ግን አልተቈጠበም። ሊያዩት እንደማይገባ ያመኑትን ነገር ሊይዙት እንዴት ይገባል? ኵርዓተ ርእሱን የሚወዱት ያያሉ እንጂ አልያዙም፤ ታቦታቱን ያኖሩት ይዘዋል እንጂ አያዩም። ከዚህም ማንም አስተዋይ ሊረዳው የሚችል ነገር አለ፤ ሳይዙ ማየት ሰውን ሊጠቅመው ይችላል፤ ሳያዩ መያዝ ግን ለያዡም ለባለቤቱም አይረባም።

የወልድያው መንገደኛ ጥፋት እንደ ሆምስ ጥፋት ነው አይባልም፤ ፎቶግራፍ ዕቃውን ከስፍራው አያንቀሳቅሰውምና። የሆነ ሆኖ ሥሩ ይዛመዳል፤ ሁለቱም ካዩት ነገር ይልቅ ይዘውት የሚሄዱትን ያስባሉ። ስለዚህ ወደ ገዳም ዕቃ ቤት ወይም ወደ ሙዚየም የሚገባ ሰው አስቀድሞ ጠባቂውን ያስፈቅድ። ቢከለከል አይቀየም፤ የጠባቂው አደራ ከእንግዳው ምኞት ይቀድማልና። ቢፈቀድለት እጁን ሰብስቦ መጀመሪያ በዐይኑ ይመልከት፤ ብርቱ ብርሃን የጥንቱን ቀለም ስለሚጐዳ መሣሪያውን ያለ ብልጭታ ያንሣ፤ ካነሣውም ምስል አንዱን ለገዳሙ ይተው፤ ምስክሩ ከባለቤቱ ጋር መኖር ይገባዋልና። ዕቃው በየትኛው ክፍልና በምን ቁልፍ እንደሚጠበቅ የሚያሳየውን ግን ለማንም አይስጥ።

እንዲህ ያደረገ ሰው፣ መሣሪያው በመንገድ ወድቆ ቢሰበርበት እንኳ፣ ወደ ወልድያ ባዶውን አይመለስም።