ባለቤት ስለሌላት ድመት፤ ስለ ምሕረትና ስለ ትዕግሥት የተሰጠ ምክር

የነቢዩ የዮናስ መጽሐፍ በጥያቄ ያበቃል። እግዚአብሔር ለነነዌ ሰዎች ስለምን እንደ ራራ ከተናገረ በኋላ፥ በከተማይቱ ያሉትን እንስሶች ደግሞ ያነሣል፤ መልሱንም ለነቢዩና ለእኛ ይተወዋል። በምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ ከብቱ የሚያሻውን ማስተዋል የጻድቅ ሰው ምልክት ሆኖ ተቈጥሮአል። በዘጸአት በ23ኛው ምዕራፍም የጠላቱን በሬ ባዝኖ ያገኘ ሰው ወደ ባለቤቱ እንዲመልሰው ታዞአል።

እነዚህ ቃላት ግን ስለሚያርስ በሬና ስለሚጫን አህያ የተነገሩ ይመስላሉ። ባለቤት የሌላት፥ ወተት የማትሰጥ፥ ሸክም የማትሸከም ፍጥረትስ በደጃችን ስትጮኽ ምን እናድርግ? ለማዳይቱ ድመት በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ ስምዋ አልተጻፈም። ሆኖም ድንቢጥ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ እንደማትወድቅ ጌታችን አስተምሮናልና፥ ስምዋ ስላልተጻፈ ከእግዚአብሔር እይታ ወጥታለች ማለት አንችልም።

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ዋጃን የሚያውቅ ሰው የራያን ቈላ ሕይወት ያውቃል። ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ በገባ ጊዜ አይጥ ይከተለዋል፤ አይጡንም ድመት ትከተለዋለች። ይህ ጓደኝነት እጅግ የቈየ ነው። ሊቃውንት በ1996 ዓ.ም. በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር የተቀበረ የድመት አጽም መገኘቱን አስታወቁ፤ ዕድሜውም 9,500 ዓመት ያህል ነበር። የሰው ልጅ እህል ማከማቸት ሲጀምር ድመት ወደ ቤቱ ቀረበች ማለት ነው። እንግዴህ ዛሬ በገበያው ዳር፥ በሥጋ ቤቱ ጓሮና በቈርቈሮው ጣራ ላይ የምናያት ቀጭን ድመት የቀድሞ አገልጋያችን ልጅ ናት። ሰው ከቤቱ ሲሰደድ እርስዋ ትቀራለች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በቆቦ ዙሪያ ጦርነት እንደ ገና በተነሣ ጊዜ እንደ ሆነው ሁሉ፥ ሽሽት በመጣ ቍጥር ሸክሙን የሚያነሣ ሰው ድመቱን ለማንሣት እጅ አይተርፈውም።

በየከተማው ለእነዚህ ድመቶች በፈቃዳቸው የሚራሩ ጥቂት ሰዎች አሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ የሚያመሰግናቸውም የለም። የሚደርስባቸውን ፈተና ከፍለን እንመልከት።

አንደኛው ፈተና የጎረቤት ነቀፋ ነው። «ሰው ተርቦ ሳለ ለድመት ትሰጣለህን?» ይባላል። ይህን ነቀፋ ማንም በቀላሉ እንዳያልፈው። በ1977 ዓ.ም. ከዋጃ በላይ ባለው በኮረም ስንት ሺህ ሰው በረሃብ እንደ ተሰበሰበና ስንቱም እንደ ሞተ ይህ አገር አይረሳም። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ይሁን፤ ሕፃን በደጅህ ቢራብ እንጀራው የሕፃኑ ነው። ነገር ግን ነቃፊውን ደግሞ በትሕትና እንጠይቀው፤ ለድመቲቱ ያልሰጠኸውን ለድኻው ሰጥተኸዋልን? ብዙ ጊዜ የሚጣል ቅንጥብጣቢ ለድኻም ለድመትም ሳይደርስ በቈሻሻ ላይ ይበሰብሳል። ምሕረት እንደ ጉድጓድ ውኃ ናት፤ በቀዱላት መጠን ትመነጫለች እንጂ ለአንዱ ስለ ሰጠች ለሌላው አታልቅም። ድመት የሚመግብ ሰው ግን ጎረቤቱን ችግረኛ የዘነጋ እንደ ሆነ፥ ነቀፋው በእውነት ደርሶበታል።

ሁለተኛው ፈተና የምግብ ነው፤ ይህም በጾም ወራት ይበረታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ በብዙ ቤት ሥጋና ወተት አይገባም። ጾም ግን የታዘዘው ለሰው ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውና በሥጋ ውስጥ የሚገኘው ነገር ቢጐድልባት ዓይንዋና ልብዋ ይጐዳሉ። ስለዚህ በሽሮና በእንጀራ ብቻ ልትኖር አትችልም። የተራበች ድመት ከሰው ጓዳ ስትሰርቅ «ድመት መንኵሳ ዐመልዋን አትረሳ» ብለን እንስቃለን፤ እርስዋ ግን አልመነኰሰችም፤ የእኛን ስእለት በእርስዋ ላይ የጫንን እኛው ነን። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በተዘጋ ጊዜ ወደ እስላሙ ጎረቤታችን ሥጋ ቤት ሄዶ የሚጣለውን ጅማትና ሆድ ዕቃ መለመን ነውር አይደለም፤ ለእንስሳ መለመን ለራስ ከመብላት ይለያልና። እንዲያውም በሁለት ሃይማኖት ሰዎች መካከል መልካም ሰላምታ ይሆናል። ወተትም ለብዙ ያደጉ ድመቶች ሆድ አይስማማም፤ በዚያ በቈላው ሙቀት በገል የተቀመጠ ንጹሕ ውኃ ይሻላቸዋል።

ሦስተኛው ፈተና የመብዛት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይከብዳል። ድመት ከ63 እስከ 65 ቀን ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ግልገል ትወልዳለች፤ በዓመትም ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች፤ ግልገልዋም ግማሽ ዓመት ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች። እንግዴህ እየመገበ መውለድን የማይከለክል ሰው ዛሬ አንዲቱን አጥግቦ በሚመጣው ዓመት ዐሥሩን ያስርባል። ከዚያ በኋላ ግልገሎቹን በከረጢት አስሮ ወንዝ መጣል ይመጣል፤ ይህ ጭካኔ ነው። ትክክለኛው መንገድ ወንዱን ማኰላሸት፥ ሴቲቱንም በሐኪም እጅ እንዳትወልድ ማድረግ ነው። በቈላው ያለ የእንስሳት ሐኪም ጊዜው በላምና በፍየል በግመልም ይያዛል፤ ድመት ይዞ የሚመጣን ሰው አይቶ ይገረም ይሆናል። ቢሆንም መጠየቅ ይገባል፤ ሦስት አራት ሰዎች ተባብረው ገንዘብ ቢያዋጡ አንድ ሰው ብቻውን ከሚያለቅስ ይሻላል። ይህ ባልተቻለበት ስፍራ ደግሞ ከዐቅም በላይ አለመሰብሰብ ራሱ ምሕረት ነው።

አራተኛው ፈተና የበሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ድመት የነከሰችህ ወይም የቧጨረችህ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ታጠብ፤ ሳትዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂድና ክትባት ጠይቅ። ጸሎት ከክትባት ጋር አይጣላም፤ ጸሎት እያደረጉ ክትባቱን ማዘግየት ግን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም የድመትን ኩስ አትጥረግ፤ ሌላ ሰው ይጥረግላት፤ በእርሱ የሚተላለፍ በሽታ ፅንስን ይጐዳልና። ከሩቅ ምሳሌ ብንወስድ፥ በባሌ ተራሮች በ1984፥ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጀ፤ በአካባቢው ያሉትን ውሾች መከተብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ሆነ። አንዱን እንስሳ መጠበቅ ሌላውንም ሰውንም መጠበቅ ነው።

አምስተኛው ፈተና የጎረቤት ጉዳት ነው። ድመት ጫጩት ትበላለች፤ ሌሊት በጣራ ላይ ትጣላለች፤ በአትክልት ቦታ ትጸዳዳለች። የሚመግብ ሰው ይህን ሁሉ «የእኔ አይደለችም» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ሲመግባት የእርሱ፥ ስታጠፋ የሌላ ልትሆን አትችልምና። በራስህ ግቢ፥ በተወሰነ ሰዓት መግብ፤ የተረፈውንም ጥረግ፤ የድኻይቱ መበለት ጫጩት ቢበላባት ዋጋውን ክፈል። ባለ ጎተራውም ደግሞ ይስማ፤ ለአይጥ ያኖርኸው መርዝ የተመረዘውን አይጥ የበላችውን ድመት ይገድላታል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዲሉ፥ እህልህን ስትጠብቅልህ የነበረችውን ገድለህ አይጡ በተመለሰ ጊዜ ማን ይረዳሃል?

ስድስተኛውና የመጨረሻው ፈተና በልብ ውስጥ ነው። ብዙ የሚራራ ሰው ድንጋይ የሚወረውሩትን ልጆች መጥላት ይጀምራል፤ ከዚያም ሰውን ሁሉ ይንቃል፤ በመጨረሻም «እንስሳ ከሰው ይሻላል» ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ በዚህ ቃል ላይ ተጠንቀቁ። የሚወረውረው ልጅ ደግሞ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ምናልባትም ምሕረትን ማንም አላሳየውም። ብትሰድበው ድንጋዩን ይደብቃል እንጂ አይጥለውም። ጠርተኸው የውኃውን ገል እንዲሞላ ብታደርገው ግን፥ ነገ ሌሎቹን ልጆች የሚከለክል እርሱ ይሆናል። ትምህርት ቤት የምትማሩ ወጣቶችም በዚህ ነገር ከሁላችን የበለጠ ታደርጋላችሁ፤ ታናናሾቻችሁ የእናንተን እጅ ያያሉና።

ተስፋ መቍረጥም ይመጣል። ስንት ሌሊት ያስታመሟት ግልገል በማለዳ ሞታ ትገኛለች፤ በበነጋውም ሦስት ሌሎች በደጅ ይጮኻሉ። በዚያን ሰዓት ሰው «ሥራዬ ከንቱ ነው» ይላል። ነገር ግን የመንገዱን ድመቶች ሁሉ እንድታድን ማንም አላዘዘህም። የታዘዝኸው በደጅህ ላለችው እንድትታመን ነው። የሞተችውን ቅበር፤ እጅህን ታጠብ፤ የምትችለውን ለሕያዋኑ አድርግ፤ ስትደክምም ባልንጀራህን አግዘኝ በል። ብቻውን የሚሸከም ቶሎ ይወድቃል፤ የወደቀ እንደ ሆነም የሚመግባቸው ከእርሱ ጋር ይራባሉ።

እንግዴህ ወዳጆች ሆይ፥ ላም ብትመግባት ወተት ትሰጥሃለች፤ ባልንጀራህን ብትረዳው ነገ ይረዳሃል፤ ባለጠጋን ብታከብረው ስምህን ያነሣልሃል። ባለቤት የሌላት ድመት ግን ምንም አትሰጥህም፤ ገናም አትታመንህምና በልታ ትሸሻለች። ስለዚህ ለእርስዋ የምታደርገው ነገር ልብህ ያለ ዋጋ መራራት ይችል እንደ ሆነ ያሳይሃል። በዚህ በትንሹ የታመነ ልብ፥ ድኻው መንገደኛ፥ ስደተኛውና ወላጅ የሌለው ልጅ ወደ ደጁ በመጡ ጊዜ መዝጊያውን ለመክፈት የተዘጋጀ ይሆናል።

ምሕረትን ከማስተዋል ጋር፥ ማስተዋልንም ከትዕግሥት ጋር እግዚአብሔር ይስጠን። አሜን።