ሊግ የሚጸናው በተሸናፊው ነው

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሥራና ከትምህርት መልስ ሰብሰብ ብላችሁ ቼስ የምትጫወቱ ልጆቼ፣ እንዴት እንደምታሸንፉ የሚያስተምር አታጡም፤ ስልካችሁ ውስጥ ሞልቷል። እኔ የምመክራችሁ ሌላ ነው፦ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሊግ ስትጀምሩ ሳይፈርስ እስከ መጨረሻው ዙር እንዲደርስ።

ትንሽ ክበብ የሚፈርሰው ጎበዝ ተጫዋች አጥቶ አይደለም። ሁለት ሦስቴ የተሸነፈው ልጅ «ከእንግዲህ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?» ብሎ ሲቀር ነው። እስቲ ስሌቱን እዩት። ስምንት ሆናችሁ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ቢጋጠም 7 ዙርና 28 ጨዋታ ይሆናል፤ ደርሶ መልስ ካላችሁት 14 ዙርና 56 ጨዋታ። በመጀመሪያው ዙር 1 ቁጥር ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 ይገጥማሉ። አንድ አንድ ጊዜ በሚጋጠሙበት ሊግ 8 ቁጥር ሁለቴ ተሸንፎ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ቀረ እንበል። ሁለቱ ለፍተው አሸንፈውታል። የቀሩት አምስቱስ? በፎርፌ ነጥብ ስጧቸው ብትሉ ቁጭ ብለው ያገኙታል፤ አይሰጣቸው ብትሉ ቀድመው የገጠሙት ሁለቱ ይጠቀማሉ። የዓለም አቀፉ ቼስ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ በእንዲህ ያለው ሊግ ከጨዋታዎቹ ግማሹን ሳያደርስ ያቋረጠ ተጫዋች ውጤት ከደረጃ ስሌት እንዲወጣ የሚያደርገው ለዚሁ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ልጆች በላባቸው ያገኙትን ነጥብ ያጣሉ። የአንድ ሰው ኩርፊያ ስንቱን እንደሚነካ አያችሁ?

ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣው ወጣለትም አልወጣለትም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ሊግም እንደዚያው ነው። ስማችሁን ካስመዘገባችሁ የእናንተ ጨዋታ የሌላውም ሀብት ነው። ስለዚህ ነጥብ ሳይኖረው ሰባተኛው ዙር ላይ ሰዓቱን አክብሮ የሚመጣውን ልጅ አክብሩት። ደግሞም አትናቁት፤ በመጨረሻው ቀን መሪውን አቻ ቢያወጣው ግማሽ ነጥብ ያስጥለዋል፣ ዋንጫውም ወደ ሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል።

ተሸናፊው እንዲመለስ የሚያደርገው አሸናፊው ነው። ማት አድርጋችሁ ብድግ አትበሉ። እጅ ተጨባበጡና ጠጠሮቹን መልሳችሁ ደርድሩ፤ «እዚህ ላይ ንግሥትህን ቀድመህ አወጣሃት፣ ፈረስህ ግን ገና ከቤቱ አልወጣም» በሉት። የጨዋታውን እርምጃ ሁለታችሁም እየጻፋችሁ የተጫወታችሁ እንደሆነ ይህ ይቀላል፣ ክርክርም አይኖርም። ተሸናፊው አንድ ነገር ይዞ ከሄደ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።

ሰው ከበዛና ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ጥሎ ማለፍ አትምረጡ። ጥሎ ማለፍ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ግማሹን ሰው ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ የሚሸኘው ደግሞ ልምምድ በጣም የሚያስፈልገው ነው። በስዊስ ሥርዓት ተጫወቱ። በ1895 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ የተጀመረው ይህ ዘዴ በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸውን ያገናኛል፣ ማንንም አያስወጣም። 16 ሰው በ4 ዙር ይጨርሳል፣ የተሸነፈውም አቻውን ያገኛል።

ቀን ስትቆርጡ የአገሩን ሁኔታ እዩ። ሰኞ ገበያ ነው፤ ሱቅ የሚጠብቀውን ልጅ ሰኞ አትጥሩት። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። በረመዳን ጨዋታው ከማፍጠሪያ ጋር እንዳይጋጭ አስቡ። ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር በቡድን የምትገጥሙ ከሆነም መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሐረጎን ግን በክረምት ጭጋግ ታውቁታላችሁ። አራት ተጫዋችና አንድ ተጠባባቂ ያዙ፤ የቼስ ኦሊምፒያድም እንዲሁ ነው። ተስተካካይ ጨዋታ ሲኖር ቀኑን ያኔውኑ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ «እንደዋወላለን» ብላችሁ አትለያዩ።

የቼስ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥ ስለሚባለው የኢትዮጵያ ቼስ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በአባቶች ሰንጠረዥ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጀምሩ ነበር፤ ይህ ወረራ ይባል ነበር፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላም ይቀጥል ነበር። ልብ በሉ፣ ጠጠሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም ነበር። በደካሞቹ ጠጠሮች ማት ያደረገ ደግሞ በትልልቆቹ ካሸነፈው ይበልጥ ይወደስ ነበር። እንዴት አሸነፍክ የሚለው ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያው ከአባቶች ወግ ግን ወደ ሊግ የማትወስዱት አንድ አለ፦ የተመልካች ምክር። በሰንጠረዥ ዙሪያውን የቆመ ሁሉ «ፈረሱን! ፈረሱን!» ይል ነበር፣ ለጨዋታውም ድምቀት ነው። በሊግ ግን ተመልካች ዝም ይበል። የነካችሁትን ጠጠር ተጫወቱ፤ ማስተካከል ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ «ላስተካክል» በሉ። ስልክ ኪስ ውስጥ አይግባ፣ ለዳኛው ይሰጥ። ዳኛው ጓደኛችሁ ቢሆንም በዚያች ሰዓት ዳኛ ነው፤ የወሰነውን ተቀብላችሁ ቅሬታ ካላችሁ ከጨዋታው በኋላ ንገሩት።

ሊጉ ሲያልቅ ከዋንጫው በፊት ጨዋታውን አንድም ሳያጎድል የጨረሰውን ሁሉ ስም ጥሩ፣ ከመጨረሻው ደረጃ ጀምራችሁ። የሚቀጥለው ሊግ የሚጀመርበትን ቀን እዚያው ቁረጡ፤ ሰው ከተበተነ በኋላ መሰብሰብ ይከብዳል።

በሉ እንግዲህ፣ አሚን በሉ፦ የጀመራችሁትን የምትጨርሱ ያድርጋችሁ፤ አሸናፊያችሁ አይኩራ፣ ተሸናፊያችሁ አይቅር፤ ከዛሬው ቁጥራችሁ አንድም አይጉደል።